ከሌላ ስቴት የተገዛ ሞተር በካሊፎርኒያ ታርጋ እንዲያወጣ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የዳሽቦርዱ ፎቶ ላይ 8,140 ይላል። ወዳጄ ያየው ይህን ቁጥር ነው። ሞተር ሳይክሉ ያለው ፊኒክስ፣ አሪዞና ነው። ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ሎስ አንጀለስ ከሚጠራው በብዙ የወረደ ነው። «ከ7,500 ማይል በላይ ከነዳ ችግር የለውም» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ ፒካፕ ተከራየና ሄዶ ጭኖ መጣ።

ዲኤምቪ (ተሽከርካሪ የሚመዘግበው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) መስኮት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሻጩ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ የሞላው 5,058 ማይል ነው። ለካ የፎቶው ቁጥር በኪሎ ሜትር ነበር። በኋላ ፎቶውን አብረን አጉልተን አየነው። ከቁጥሩ ጎን የጤፍ ፍሬ የምታክል የኪሎ ሜትር ምልክት አለች። በዲጂታል ዳሽቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መለኪያውን መቀየር ይቻላል። ሻጩ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ ለወዳጄ ለውጥ አላመጣም። ሞተሩ ካሊፎርኒያ ታርጋ አላገኘም። መልሶ አሪዞና ወስዶ በኪሳራ ሸጠው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ካሊፎርኒያ እየኖረ ከላስ ቬጋስ፣ ከፊኒክስ ወይም ከዳላስ ርካሽ ሞተር ዓይኑን የጣለበት ሰው ነው። ሁለተኛው ከሌላ ስቴት ሞተሩን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ የሚዛወር ነው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም፤ ልዩነቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ለሁለቱም ግን አንድ ነገር እውነት ነው። ታርጋ ማግኘትና አለማግኘት የሚወሰነው ዲኤምቪ ወረፋ ላይ አይደለም። ብር ከኪስ ሳይወጣ፣ ሞተሩ አጠገብ ተንበርክካችሁ ስታዩ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ካሊፎርኒያ ለምን የራሷ ሕግ አላት?

ሎስ አንጀለስ በተራሮች የተከበበች ናት። ሞቃት አየር ከላይ እንደ እንቅብ ይደፋባታል፤ ከታች ያለው ጭስ መውጫ ያጣል። በ1943 ክረምት ከተማዋ ላይ የወረደው ጭጋግ ዓይን ያቃጥል ስለነበር ሰው የመርዝ ጋዝ ጥቃት መስሎት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባሉ የካልቴክ ኬሚስት ምሥጢሩን ገለጡት። ያልተቃጠለ የቤንዚን ትነትና የናይትሮጅን ጋዝ ፀሐይ ሲያገኛቸው ኦዞን ይፈጥራሉ። በ1967 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ፣ ሰው በአጭሩ «ካርብ» የሚለው፣ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር እሳቸው ሆኑ።

ካሊፎርኒያ ከፌዴራል መንግሥት ቀድማ ሕግ ስላወጣች፣ የፌዴራሉ የአየር ሕግ የራሷን ጠንከር ያለ ደረጃ እንድታወጣ ልዩ መብት ሰጣት። በዚህ የተነሳ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ሞተር ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዱ የፌዴራሉን ደረጃ ብቻ ያሟላ ነው፤ «ፎርቲ ናይን ስቴት» ይሉታል። ሌላው የካሊፎርኒያንም ያሟላ ነው፤ «ፊፍቲ ስቴት» ይባላል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ለትልልቅ ሞተሮች፣ ማለትም ከ280 ሲሲ ጀምሮ ላሉት፣ ካሊፎርኒያ በ2008 ሞዴል የጭስ ገደቡን በኪሎ ሜትር 0.8 ግራም አደረገችው። ይህ ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ጋዝ ተደምሮ ነው። ፌዴራሉ እዚያ የደረሰው በ2010 ነው። ስለዚህ በቅርብ ሞዴሎች ላይ ትልቁ ልዩነት ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ አይደለም። ከሰልባቲዮው የሚተነው ቤንዚን ነው። ብዙ የካሊፎርኒያ ሞተሮች ትነቱን የሚይዝ ከሰል ያለበት ትንሽ ጣሳ ተገጥሞላቸዋል፤ ከሰልባቲዮው ቀጭን ጎማ ቱቦ ይመጣበታል። ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ዙሪያ የሚሸተውን የቤንዚን ሽታ አስቡት። ያ ሽታ ነው ጉዳዩ።

አሁን ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሞተር ሳይክል በካሊፎርኒያ ስሞግ ቼክ (የጭስ ምርመራ) አይገባም። ባለ መኪናው በየሁለት ዓመቱ ሲንከራተት፣ ሞተር ነጂ ነፃ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው የጭስ ሕግ የለብንም» ይላል። አለብን። ብቻ ሕጉ የሚጠይቀን በየሁለት ዓመቱ አይደለም፤ ሞተሩ ወደ ስቴቱ ሲገባ አንድ ጊዜ ነው። የሚጠይቀውም በመሣሪያ ለክቶ ሳይሆን በስቲከር ነው።

ደረጃ 1፦ ስቲከሩን ፈልጋችሁ አንብቡ

የእጅ ባትሪና ጨርቅ ያዙ። ስልካችሁም ይበቃል። የምትፈልጉት የጭስ መረጃ የሚል ስቲከር ነው። መጠኑ ከባንክ ካርድ ብዙም አይርቅም። የሚለጠፍበት ቦታ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። መጀመሪያ መሪው ሥር ፍሬሙ ላይ እዩ። ከዚያ የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ላይ። ከዚያ ኮርቻውን አንስታችሁ ከሥሩ፣ በመጨረሻ የኋላው ጭቃ መከላከያ ላይ። አጠገቡ ሌሎች ስቲከሮች ይኖራሉ፤ የጎማ ንፋስ፣ የድምፅ፣ የቪን (የተሽከርካሪው መለያ ቁጥር)። እንዳትደናገሩ።

ትክክለኛው ስቲከር ላይ የሞተሩ ሲሲ አለ። የካንዴላ ዓይነትና የሚኒሞው ፍጥነት ሊኖር ይችላል። «ኢንጂን ፋሚሊ» የሚል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ አለ። ከዚያ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ይህ ተሽከርካሪ የእገሌ ዓመት ሞዴል አዲስ ሞተር ሳይክሎችን የሚመለከቱ ደንቦችን ያሟላል ይላል። የማንን ደንብ? ጥያቄው እሱ ነው። «የዩኤስ ኢፒኤ» (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ብቻ ካለ ፎርቲ ናይን ስቴት ነው። «የዩኤስ ኢፒኤ እና የካሊፎርኒያ» ካለ ፊፍቲ ስቴት ነው፤ በሰላም ግዙት። ካሊፎርኒያ የሚል ቃል በዓይናችሁ ስለገባ ብቻ አትመኑ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ አንብቡት።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። የኢንጂን ፋሚሊው የመጀመሪያ ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ኬ 2019 ነው፤ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024፣ ኤስ 2025። የቪን ቁጥሩ አሥረኛ ፊደልም ይህንኑ ነው የሚለው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ነገር ተቀያይሯል ማለት ነውና ቆም በሉ። ከተስማሙ ደግሞ ካርብ ድረ ገጽ ላይ ለየፋብሪካው በየዓመቱ የሰጠው የማረጋገጫ ትእዛዝ ተዘርዝሯል። ያንን ኢንጂን ፋሚሊ እዚያ ካገኛችሁት ሞተሩ ለካሊፎርኒያ የተፈቀደ ነው።

ሻጩ ሩቅ ከሆነ በፎቶ ጠይቁት። «ሌብሉ አለው ወይ?» አትበሉት፤ «አዎ» ይላችኋል። ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ ፊደሉ የሚነበብ ይሁን። ስቲከሩ ተልጦ ወይም ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ፣ የቪን ቁጥሩን ይዛችሁ የፋብሪካውን የደንበኞች አገልግሎት ጠይቁ። ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ በጽሑፍ ይላክላችሁ። የቃል መልስ ለዲኤምቪ መስኮት አይጠቅምም።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ሠርተው በሁሉም ስቴት ይሸጣሉ። ስለዚህ ኔቫዳ የተሸጠ ሞተር ሁሉ ፎርቲ ናይን ስቴት ነው ማለት አይደለም። ሳታዩ ግን አትገምቱ።

ደረጃ 2፦ ፎርቲ ናይን ስቴት ከሆነ፣ ማይሉን እዩ

የካሊፎርኒያ ሕግ «አዲስ» የሚለው ዲለር ቤት ያለውን ብቻ አይደለም። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሲገዛው ኦዶሜትሩ (የተነዳውን ርቀት የሚቆጥረው) ከ7,500 ማይል በታች ከሆነ፣ ሦስት ባለቤት የቀያየረም ቢሆን በሕጉ ዓይን አዲስ ነው። አዲስ ፎርቲ ናይን ስቴት ሞተር ደግሞ አይመዘገብም። 7,500 የሞላው እንደ አሮጌ ይቆጠራል፤ ይመዘገባል።

7,500 ማይል ማለት ወደ 12,070 ኪሎ ሜትር ነው። ዳሽቦርዱ በኪሎ ሜትር ከሆነ መድረስ ያለበት እዚያ ነው። ሻጩ ወደ ማይል ቀይሮ ሌላ ፎቶ ይላክላችሁ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ። የሚቆጠረው የገዛችሁ ዕለት ያለው ማይል ነው። ዲኤምቪ የደረሳችሁበት ዕለት ያለው አይደለም። «5,000 ላይ ገዝቼ ትንሽ ልንዳውና 7,500 ሲሞላ አስመዘግበዋለሁ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይሠራም። የገዛችሁበት ማይል ታይትሉ ላይ ሰፍሯል፤ ደረሰኙ ላይም አለ። ዲኤምቪ ላይ የምትፈርሙት ፎርም ደግሞ በሐሰት ምስክርነት የሚያስቀጣ ነው። ኦዶሜትር መነካካት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ቅጣቱን አብሯችሁ አይከፍልም።

ማይሉ 7,300 ወይም 7,400 ላይ ያለ ሞተር ካገኛችሁ ሐቀኛ መንገድ አለ። ሻጩ በራሱ ስም እየነዳ ያሙላው፤ እናንተ ከዚያ በኋላ ግዙ። ቀብድ ከሰጣችሁም ሽያጩ የሚፈጸመው ማይሉ ሲሞላ መሆኑን ጻፉበት።

«ጣሳውን ገዝቼ ላስገጥምለትና ፊፍቲ ስቴት ላድርገው» የሚልም አለ። አይሆንም። ማረጋገጫው የተሰጠው ከፋብሪካ ለወጣው ሞተር ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ለተገጠመ ዕቃ አይደለም።

ደረጃ 3፦ እናንተ ማን ናችሁ? ከደንቡ ነፃ የሚያደርጉ ጉዳዮች

ፎርቲ ናይን ስቴት ነው፤ ማይሉም ከ7,500 በታች ነው እንበል። አሁንም በር አለ፤ ግን ጠባብ ነው።

ትልቁ በር ለተዛዋሪ ነው። በፊት ትኖሩበት በነበረው ስቴት በራሳችሁ ስም ያስመዘገባችሁት ሞተር ከሆነ፣ ማይሉ ምንም ቢሆን ይዛችሁት መግባት ትችላላችሁ። ከሚኒያፖሊስ ወይም ከሲያትል ሥራ አግኝታችሁ ወደ ሳን ሆዜ የምትመጡ ከሆነ ይህ የእናንተ በር ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። ገና እዚያ እየኖራችሁ ግዙ፤ እዚያው በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ከዚያ ተዛወሩ። በመሄጃችሁ ሳምንት ገዝታችሁ ምዝገባውን «ካሊፎርኒያ ስደርስ» ብላችሁ ብታልፉት በሩን በገዛ እጃችሁ ዘጋችሁት። የድሮውን የምዝገባ ካርድ አትጣሉት። ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ሌሎቹ በሮች እነዚህ ናቸው። በውርስ ያገኛችሁት ሞተር፤ በፍቺ ወይም በሕጋዊ መለያየት የደረሳችሁ ሞተር፤ ከካሊፎርኒያ ውጭ ሳላችሁ የካሊፎርኒያ ታርጋ ያለው ተሽከርካሪያችሁ ቢሰረቅ ወይም ከጥገና በላይ ቢጎዳ በምትኩ የገዛችሁት፤ ከስቴቱ ውጭ በውትድርና ግዳጅ ላይ ሳላችሁ በስማችሁ ያስመዘገባችሁት።

ስጦታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን ለይቼ የምጽፈው እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ነው። ወንድም ለወንድም፣ አጎት ለእህቱ ልጅ ሞተር ይሰጣል። መልካም ነገር ነው፤ ግን ዴንቨር ያለው አጎት ፎርቲ ናይን ስቴት የሆነ 3,000 ማይል የነዳ ሞተር ቢልክላችሁ እዚህ ታርጋ አያወጣም። ከመላኩ በፊት ስቲከሩን ያንብብላችሁ።

ደረጃ 4፦ ሳትከፍሉ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

ታይትሉ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፣ በሻጩ ስም መሆኑን ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። በሌላ ሰው ስም ከሆነና ሻጩ «ጓደኛዬ ነው፣ ፈርሞልኛል» ካለ ተመለሱ። ቪን ቁጥሩን ከፍሬሙ ጋር አመሳክሩ። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙሩት፤ በቀኝ በኩል የመሪው አንገት ላይ ተቀጥቅጦ ታዩታላችሁ። 17 ነው፤ አንድ በአንድ ቁጠሩት። የሞተር (የኢንጂን) ቁጥሩንም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ኢንጂኑ ብረት ላይ ከታች ገደማ ስለሆነ ዘይትና አቧራ ይሸፍነዋል። ጨርቁ እዚህ ጋ ያስፈልጋችኋል። ካሊፎርኒያ ለሞተር ሳይክል ከቪኑ ሌላ የሞተር ቁጥርም ትመዘግባለች፤ ስለዚህ የማይነበብ ወይም የተፋቀ ከሆነ ጣጣ ነው።

ማይሉ ታይትሉ ላይ በሻጩ እጅ ይሞላ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የ2011 እና ከዚያ ወዲህ ሞዴል ከሆነ የኦዶሜትር መግለጫ ለ20 ዓመት ግዴታ ነው። ስትረከቡ ኦዶሜትሩን ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩና መለኪያው አብረው ይታዩ። ታይትሉ ላይ ስርዝ ድልዝ እንዳይኖር ቀስ ብላችሁ ሙሉ። አንድ የተሰረዘ ቁጥር ተጨማሪ ፎርምና ተጨማሪ ቀጠሮ ያመጣል፤ ሻጩን ደግሞ ሌላ ስቴት ድረስ ፍለጋ ያስኬዳል።

ታይትሉ ባንክ እጅ ከሆነ ከሻጩ ጋር ባንክ ሂዱና ዕዳው ሲዘጋ በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 5፦ ማምጣት

ኔቫዳና አሪዞናን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ታርጋው የሻጩ ነው፤ ፈትቶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ነድቶ ለመምጣት ከገዛችሁበት ስቴት ጊዜያዊ ፈቃድና በስማችሁ የወጣ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። እኔ ግን ጭናችሁ አምጡት ባይ ነኝ። የማታውቁትን ሞተር በሞሃቪ በረሃ ሙቀት 400 ኪሎ ሜትር መንዳት አደጋ አለው። ጎማው ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንኳ ገና አላያችሁም። አራት ጠንካራ ማሰሪያ ይበቃል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጫና ዲኤምቪ

የጊዜ ገደቡን እወቁ። አዲስ ነዋሪ በ20 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ነዋሪነት የሚጀምረው «እኔ ነዋሪ ነኝ» ስትሉ አይደለም። ሥራ ስትጀምሩ፣ የካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ፣ ልጃችሁን በነዋሪ ክፍያ ኮሌጅ ስታስገቡ ነው። ነዋሪ ሆኖ ከውጭ የገዛም ሞተሩ እዚህ ከገባ ጀምሮ ያው 20 ቀን ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ይደመራል።

ከሌላ ስቴት የመጣ ተሽከርካሪ ሁሉ በአካል ይታያል። ይህ «ቪን ቬሪፊኬሽን» ነው፤ ፎርሙ ሬግ 31 ይባላል። እናንተ አትሞሉትም፤ ያየው ሰው ነው የሚሞላው። ሞተሩን ዲኤምቪ ግቢ ወስዳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ፈቃድ ያለው አረጋጋጭ ከፍላችሁ ቤት ድረስ ማስመጣትም ይቻላል፤ ግን ሞተር ሳይክል ያይ እንደሆነ በስልክ ቀድማችሁ ጠይቁት። አረጋጋጩ ቪኑን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ ኦዶሜትሩንና ያንን ስቲከር ያያል። ዲኤምቪ ከወሰዳችሁት በጠዋት ሂዱ። የእጅ ባትሪያችሁንና ጨርቁን አትርሱ፤ ስቲከሩ የት እንዳለ ቀድማችሁ ስለምታውቁ ሠራተኛው ፍለጋ እንዳይገባ በጣታችሁ አሳዩት። ኮርቻው በቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ከፍታችሁ ጠብቁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ «አላገኘሁትም» ተብሎ ሌላ ቀን ከመመለስ ግን ታድናለች።

ይዛችሁ የምትሄዱት ይህ ነው፦

- ሬግ 343፣ የታይትልና የምዝገባ ማመልከቻ። ቤት ሆናችሁ ሙሉት።
- የተሞላው ሬግ 31።
- የሌላው ስቴት ታይትል፤ ካለም የመጨረሻው የምዝገባ ካርድ።
- የሽያጭ ደረሰኝ፤ ዋጋ፣ ቀንና ማይል ያለበት።
- መታወቂያና ኢንሹራንስ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ነው።
- ከደንቡ ነፃ ነኝ የምትሉ ከሆነ የእውነታ መግለጫ ፎርም፣ ከማስረጃው ጋር። የውርስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የድሮው ምዝገባ።

ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዙ። አንዱ ወረቀት ቢጎድል ተስፋ አትቁረጡ። ክፍያውን ከፈጸማችሁና የጎደለው ነገር ጥቃቅን ከሆነ፣ እስኪሟላ የምትነዱበት ጊዜያዊ ፈቃድ ሊሰጣችሁ ይችላል። ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በምዝገባው አይደለም፤ በታክሱ ነው። ካሊፎርኒያ ከውጭ በገዛችሁት ላይ «ዩዝ ታክስ» ትጠይቃለች። መነሻው 7.25 በመቶ ነው፤ የየአካባቢው ይጨመርበታል። ለሌላ ስቴት ታክስ ከፍላችሁ ከሆነ ይቀነስላችኋል፤ ደረሰኙን ያዙ። ገዝታችሁ ከ12 ወር በላይ ከካሊፎርኒያ ውጭ ከተጠቀማችሁበት በአብዛኛው አይጠየቅም። ከ«ርካሹ» የኔቫዳ ዋጋ ላይ ይህንን፣ የፒካፕ ኪራዩንና የቤንዚኑን ደምሩ። አንዳንዴ ሠፈራችሁ ያለው ሞተር ይሻላል።

ሲያልቅ ታርጋና ዓመታዊ ስቲከር ይሰጣችኋል፤ ቦሏችሁ እሷ ናት። ታይትሉ በፖስታ ይመጣል።

ቬጋስ ባለ ዘመድ አድራሻ ማስመዝገብስ?

ይህ ጥያቄ ይመጣል። ላስ ቬጋስ ዘመድ የሌለው አበሻ የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ሞተር ስሞግ የለበትም፤ 7,500 የሚል ደንብም የለም። «በእሱ አድራሻ አስመዝግቤ እዚህ ልንዳ» ማለት ይቀላል።

አታድርጉት፤ ዘመዳችሁንም አታስገቡበት። ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው ተሽከርካሪውን እዚህ ማስመዝገብ ግዴታው ነው። የካሊፎርኒያ ሃይዌይ ፓትሮል የውጭ ታርጋ ይዘው የሚኖሩ ሰዎችን ጥቆማ የሚቀበልበት ፕሮግራም አለው። የኪራይ ቤት ግቢ ውስጥ ወራት የቆመ የኔቫዳ ታርጋ ጎረቤት ያየዋል። ከቅጣቱ የሚከፋው ግን ኢንሹራንሱ ነው። ሞተሩ የሚያድረው ቬጋስ ነው ብላችሁ ፖሊሲ ገዝታችሁ፣ አደጋው ኢንግልውድ ሲደርስ ኩባንያው ላለመክፈል ምክንያት አገኘ ማለት ነው። በሞተር አደጋ የሆስፒታል ሒሳብ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ቁማር አይጫወትም።

ሌሎች ነገሮች በአጭሩ

የመስክ ሞተር፣ ማለትም ለአቧራና ለአሸዋ ብቻ የተሠራ፣ መብራትና ታርጋ ማንጠልጠያ ስለተገጠመለት የመንገድ አይሆንም። ከ2004 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ይህን መቀየር ዘግታለች። ስቲከሩ ለመስክ ብቻ የሚል ከሆነ የመንገድ ታርጋ አትጠብቁ።

ለአሜሪካ ገበያ ጭራሽ ያልተሠራ ሞተር፣ የኢፒኤ ስቲከር የሌለው፣ ከማንም አትግዙ። ዋጋው ቢያጓጓም።

ማርሚታው የተቀየረ ሞተር ስታዩ ተጠንቀቁ። ከ2013 ጀምሮ በተሠራ ሞተር ላይ የተገጠመ ማርሚታ የኢፒኤ የድምፅ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ተነቅሎ ከሆነም ሕገ ወጥ ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ማርሚታ አስቀምጦት ከሆነ አብሮ ይስጣችሁ፤ አዲስ ሲገዛ ውድ ነው።

ከካሊፎርኒያ ወደ ውጭ ለምትሄዱ ነገሩ ቀላል ነው። ፊፍቲ ስቴት ሞተር የትም በጭስ ምክንያት አይመለስም። ሜሪላንድ ሞተር ሳይክልን ከጭስ ምርመራ ነፃ አድርጋለች፤ ያገለገለ ሞተር ግን ስታስመዘግቡ የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ትጠይቃለች። ቨርጂኒያም ጭስ አትጠይቅም፤ ብሬኩን፣ መብራቱንና ጎማውን ግን በየዓመቱ ታያለች። ዋሽንግተን ስቴት የጭስ ምርመራውን በ2020 መጀመሪያ ለሁሉም ዘግታዋለች። ቴክሳስ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ለግል ተሽከርካሪዎች የደኅንነት ምርመራውን አስቀርታለች።

ወዳጄ አሁን ሌላ ሞተር ነው የሚነዳው፤ ከሪኖ፣ ኔቫዳ የገዛው። ከመሄዱ በፊት የስቲከሩን ፎቶ ላከልኝና በስልክ አብረን አነበብነው። ኢፒኤ ይላል። «እና»ም ይላል። ቀጥሎ ካሊፎርኒያ። ማይሉ 2,200 ነበር፤ በዚህ ስቲከር ግን ማይሉን የጠየቀው ሰው አልነበረም።